የፌደራል ስራ ላይ ልቆይ ወይስ ልውጣ? በዲሲ አካባቢ ላለን ሀበሾች የንጽጽር መመሪያ

ጃንዋሪ 28፣ 2025 "ፎርክ ኢን ዘ ሮድ" የሚለው ኢሜይል፣ በፈቃዳችሁ ልቀቁ የሚለን ማለት ነው፣ ከመጣ ወዲህ በዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለን የፌደራል ሰራተኛ ሀበሾች ስንገናኝ ሌላ ወሬ የለንም፣ ለቅሶ ቤትም ልደትም ላይ "አንቺ ፈረምሽ? አንተስ ምን ወሰንክ?" ነው። እለቃለሁ ላለ ሰው እስከ ሴፕቴምበር 30 ቤቱ ቁጭ ብሎ ደሞዙ ይከፈለዋል ተባለ፣ በመጀመሪያው ዙር ወደ 75,000 ሰው ፈረመ፣ ኤፕሪል ላይ ብዙ መስሪያ ቤቶች በየራሳቸው እንደገና ከፈቱትና ቁጥሩ ከ150,000 አለፈ። ማርች 15 የአሜሪካ ድምፅ ሰራተኞቹን በሙሉ ማለት ይቻላል ቤታችሁ ተቀመጡ ሲላቸው አገር ቤት እያለን ማታ ማታ እናዳምጠው የነበረው የአማርኛው ክፍልም አብሮ ተቋረጠ፣ ጁላይ 1 ዩኤስኤይድ እንደ መስሪያ ቤት አበቃ፣ ጁላይ 8 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የቅነሳ እቅዶቹ ይቀጥሉ አለ፣ በሶስተኛው ቀን ስቴት ዲፓርትመንት ከ1,300 በላይ ሰው ቀነሰ፣ ከዛ ደግሞ ኦክቶበር 1 መንግስት ተዘጋና 43 ቀን ቆየ።

የሰራተኛ አስተዳደሩ መስሪያ ቤት የኦፒኤም ዳይሬክተር ስኮት ኩፖር ኦገስት ላይ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ወደ 300,000 ሰው ይቀንሳል ብሎ ነበር፣ ከሚለቁት ውስጥም 80 ከመቶ የሚሆኑት በፈቃዳቸው የሚወጡ ናቸው አለ። ይቺን ቁጥር ልብ በሉልኝ። አብዛኛው ሰው የወጣው ራሱ ፈርሞ ነው ማለት ነው፣ ከፈረመውስ ስንቱ ነው ሂሳቡን ቁጭ ብሎ ሰርቶ የፈረመው? የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል አይደል፣ ብዙ ወገኖቼ ሲወስኑ ያየሁት እንደዛ ነው፣ ግማሹ በፍርሃት ግማሹ በእልህ። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፣ ይሄ ውሳኔ በስሜት ሳይሆን በቀን ነው የሚወሰነው፣ የሚቀጥለው መብቴ ጋ ለመድረስ ስንት ወር ቀረኝ በሚል። አንዳንዱ ሰው ከመብቱ አስር ወር ርቀት ላይ ሆኖ ነው ጥሎ የሚሄደው።

ከታች ያለው ቋሚ የፌደራል ሰራተኛ ለሆነና ጡረታው ፌርስ በሚባለው የፌደራል ጡረታ ስር ለሆነ ሰው ነው፣ አብዛኞቻችን እዛ ውስጥ ነን።

መጀመሪያ ቀናችሁን እወቁ

ኤስኤፍ-50 የሚባለውን የቅጥር ሁኔታችሁን የሚያሳይ ወረቀት አውጡና "ሰርቪስ ኮምፒውቴሽን ዴት" የሚለውን ፈልጉ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን ለፈቃድ የሚቆጠረው ነው፣ ለጡረታ የሚቆጠረው ሊለይ ይችላል፣ በተለይ መሃል ላይ ወጥታችሁ የተመለሳችሁ ከሆነ፣ ስለዚህ የጡረታውን ቀን ኤችአሩን በኢሜይል ጠይቁና መልሱን አስቀምጡ፣ በቃል የተነገራችሁን አትያዙ።

ከዛ የት ጋ እንዳላችሁ እዩ። ሶስት ዓመት ስትሞሉ ብዙ ሰው የማያስተውለው ሁለት ነገር ይመጣል፣ አንዱ መስሪያ ቤቱ ቲኤስፒ በሚባለው የጡረታ ቁጠባ ላይ በራሱ የሚያስገባላችሁ የደሞዛችሁ 1 ከመቶ የናንተ ይሆናል (ከዛ በፊት ከወጣችሁ ይቀራል፣ እናንተ ስላስቀመጣችሁ የሚጨመረው ግን ከመጀመሪያውም የናንተ ነው)፣ ሁለተኛው ካሪየር የሚባለው ሙሉ የቅጥር ደረጃ ላይ ትደርሳላችሁ፣ ካሪየር የሆነ ሰው ደግሞ ወጥቶም እድሜ ልኩን ያለ አዲስ ውድድር ወደ ፌደራል የመመለስ መብት አለው። ከሶስት ዓመት በታች ሆኖ ለወጣ ግን ያ መብት አብዛኛውን ጊዜ ሶስት ዓመት ብቻ ነው የሚቆየው። ስለዚህ ሁለት ዓመት ከአስር ወር ላይ ሆናችሁ ሰልችቶኛል ብላችሁ እንዳትወጡ።

አምስት ዓመት ሲሞላ ጡረታው የናንተ ነው፣ 62 ዓመት ሲሆናችሁ ይከፈላል፣ ስሌቱም ከፍተኛ የሶስት ዓመት አማካይ ደሞዛችሁ 1 ከመቶ ሲባዛ በአገልግሎት ዓመት ነው። አንድ የማውቃት እህት ፌብሩዋሪ 2025 ላይ አራት ዓመት ከሰባት ወር ነበራት፣ ሰው ሁሉ "አምስት ሳይሞላሽ እንዳትንቀሳቀሺ" ይላታል፣ እሷ ግን ውሉን ደጋግማ ስታነበው እስከ ሴፕቴምበር 30 ቤት የምትቀመጥበት ጊዜ እንደ አገልግሎት ይቆጠራል፣ ጁላይ ላይ አምስቷን ትሞላለች ማለት ነው። እድሜዋ ከ40 በታች ነው፣ ተቀንሳ ብትወጣ ሰቨራንሷ (የተቀነሰ ሰው የሚከፈለው ካሳ) የአራት ሳምንት ተኩል ደሞዝ ብቻ ነበር፣ በኦፈሩ ግን ከሰባት ወር በላይ ደሞዝ ከነኢንሹራንሱ አገኘች። ፈረመች። ለሷ መውጣቱ ነበር ትክክል። እዛው አጠገቧ የምትቀመጥ 18 ዓመት ያገለገለች ሴት በዛው ቀን ያንኑ ወረቀት ብትፈርም ግን ሌላ ታሪክ ነው፣ ሁለት ዓመት ስትቆይ የሚከፈተውን በር ነው የምትዘጋው፣ እሱን ቀጥዬ እነግራችኋለሁ።

20 ዓመት አገልግሎትና 50 ዓመት እድሜ ያለው ሰው፣ ወይም እድሜው ምንም ይሁን 25 ዓመት ያገለገለ፣ መስሪያ ቤቱ ቬራ የሚባለውን ቀደም ያለ ጡረታ ከፈቀደ ወዲያው ጡረታ ይወጣል፣ ቅነሳም ከመጣበት እንደዚሁ፣ በፌርስ ደግሞ በእድሜው ማነስ የተነሳ ጡረታው አይቆረጥም፣ የጤና ኢንሹራንሱንም ይዞ ነው የሚሄደው። ስለዚህ እድሜዋ ሃምሳ የደረሰ 18 ዓመት አገልግሎት ያላት ሴት ሁለቱን ዓመት እንደምንም ብትቆይ ይሻላታል። የእውነት ነው የምላችሁ፣ በሳምንት አምስት ቀን ከውድብሪጅ በሀይዌይ 95 መንዳት የሰው ነፍስ ይበላል፣ ግን ሁለት ዓመት ነው።

ሌላው፣ በ1970ና ከዛ ወዲህ የተወለደ ሰው 57 ሲሞላው 10 ዓመት አገልግሎት ካለው የራሱ መብት አለው፣ እሱን ኢንሹራንሱ ጋ ስደርስ።

ፈርሞ መውጣት ወይስ ሪፍ (የሰራተኛ ቅነሳ) እስኪመጣ መጠበቅ

እዚህ ጋ ነው ብር የሚጠፋው። ሰው ሁሉ "25,000 ዶላር እየሰጡ ነው" ሲባል ይጓጓል። ቪሲፕ የሚባለው ይሄ በፈቃዱ ለሚለቅ ሰው የሚሰጥ ገንዘብ በአብዛኛው መስሪያ ቤት ጣሪያው 25,000 ነው፣ ታክስ ሳይቆረጥ፣ ቢያንስ ሶስት ዓመት ያገለገለ ነው የሚያገኘው፣ ስሌቱ ደግሞ ሰቨራንሳችሁ ስንት ይሆን ነበር ከሚለው ነው የሚነሳው፣ ከሰቨራንሳችሁና ከ25,000 ያነሰው ነው የሚሰጣችሁ። ልብ በሉ፣ ያነሰው።

ምሳሌ እንስራ። 46 ዓመቱ ነው፣ 12 ዓመት አገልግሏል፣ ደሞዙ 90,000 ነው። የሳምንት ደሞዙ ወደ 1,725 ዶላር ይመጣል። ሰቨራንስ ለመጀመሪያዎቹ አስር ዓመታት በዓመት አንድ ሳምንት፣ ከዛ በኋላ በዓመት ሁለት ሳምንት ነው፣ ስለዚህ 14 ሳምንት፣ 24,150 ዶላር። ከ40 ዓመት በላይ ላለች ለእያንዳንዷ ሙሉ ዓመት 10 ከመቶ ይጨመራል፣ ስድስት ዓመት 60 ከመቶ፣ ድምሩ 38,640 ዶላር። ይሄ ሰው ቪሲፕ ቢፈርም 25,000 ነው የሚያገኘው። ሪፍ እስኪመጣ ቢጠብቅ ብዙውን ጊዜ የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ እየተከፈለው ይሰራል፣ ከዛ 38,640 ይከፈለዋል፣ የስራ አጥ ገንዘብም ይጠይቃል። በፈቃዱ የለቀቀ ሰው የስራ አጥ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ ይከለከላል። አንድ ነገር ደግሞ፣ ቪሲፕ የወሰደ ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ ወደ ፌደራል ቢመለስ ሙሉውን መመለስ አለበት፣ ሰቨራንስ ግን ስትመለሱ መከፈሉ ይቆማል እንጂ የወሰዳችሁትን አትመልሱም።

ሰቨራንስ የማያገኙትም አሉ፣ አንድ ዓመት ሳይቋረጥ ያልሰራ፣ ወዲያው ጡረታ መውጣት የሚችል፣ ወይም በዛው አካባቢ ተመጣጣኝ ስራ ተሰጥቶት እምቢ ያለ። ጣሪያውም በእድሜ ልክ 52 ሳምንት ነው። ስለዚህ ለጡረታ የደረሰ ሰው ቪሲፕና ቬራ አንድ ላይ ከመጡለት ሳያመነታ ቢወስድ ይሻለዋል፣ ሪፍ ቢጠብቅ ሰቨራንስ የለውማ።

እንደኔ ሂሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ እስከ ስድስት ሰባት ዓመት ያለው ሰው ብዙ ወር ደሞዝ የሚሰጥ ኦፈር ዳግም ቢመጣ መውሰዱ ያዋጣዋል፣ ሰቨራንሱ ትንሽ ነውና። ከአስር ዓመት በላይ ያለውና እድሜው ከአርባ ያለፈ ለጡረታ ግን ያልደረሰ ሰው መጠበቁ ያዋጣዋል። ለጡረታ የደረሰ ቀኑን ራሱ መርጦ ይውጣ።

ደግሞ አትቸኩሉ። በ2025 ብዙ መስሪያ ቤቶች ያቀረቡት ውል ከ40 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው 45 ቀን የማሰቢያ፣ ከፈረመ በኋላም 7 ቀን ሀሳብ መቀየሪያ ነበረው፣ ብዙ ሰው ሳያነበው አርብ ከሰዓት ፈርሞ ሄደ።

ሪፍ ቢመጣ እኔ እተርፋለሁ?

ሲሰራበት የቆየው ደንብ በአራት ነገር ይደረድራል፣ መጀመሪያ የቅጥሩ አይነት፣ ቀጥሎ ወታደር የነበረ መሆኑ፣ ከዛ የአገልግሎት ዘመን፣ እሱ ላይ ደግሞ የስራ አፈጻጸም ውጤት ዓመት ይጨምራል። አብዛኞቻችን ወታደር ቤት አልነበርንም፣ ሲቲዝን ሆነን ነው ዘግይተን የገባነው፣ ስለዚህ በዚህ ሰልፍ ፊት ላይ አንገኝም፣ ይሄን አውቆ መዘጋጀት ነው። አርሚ ገብታችሁ የነበራችሁ ልጆች ግን ዲዲ-214 የሚባለው ከውትድርና ስትወጡ የተሰጣችሁ ወረቀት ፋይላችሁ ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ፣ ትልቅ ጥቅም ነው።

ግን ከሰልፉ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በ2025 ብዙ ቦታ የተደረገው ሙሉ ክፍሉን ማጥፋት ነው፣ ሙሉ ክፍል ሲጠፋ ደግሞ ሰላሳ ዓመት ያለውም ትናንት የገባውም እኩል ይወጣል፣ ሰልፉ አይሰራም። ስለዚህ ራሳችሁን የምትጠይቁት "እኔ ጎበዝ ነኝ ወይ" ሳይሆን "እኔ የምሰራው ስራ በህግ የታዘዘ ነው ወይ፣ ብሩስ ከየት ነው የሚመጣው" ነው። የፓተንት ቢሮውና የኢሚግሬሽኑ ዩኤስሲአይኤስ ዋና ገቢያቸው ከአመልካች የሚሰበሰብ ክፍያ ስለሆነ መንግስት ሲዘጋም በአብዛኛው ሲሰሩ ነበር፣ በየዓመቱ በጀት የሚጠብቅና የግራንት ስራ የሚሰራ ቢሮ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። አለቃችሁን ብትጠይቁት እሱም የሚያውቀው የለም፣ የመስሪያ ቤቱን የበጀት ጥያቄ ራሳችሁ ከድረ ገጹ አውርዳችሁ የክፍላችሁን መስመር ፈልጉ፣ ዜሮ ተጽፎበት ከሆነ ስራ መፈለግ ዛሬ ጀምሩ።

የጤና ኢንሹራንስ

መጀመሪያ መቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ። ለኔ ከሁሉም በፊት የሚመጣው ይሄ ነው፣ በተለይ ልጆች ላሏችሁና መድሃኒት በቋሚነት ለምትወስዱ።

ስትወጡ 31 ቀን በነጻ ይቀጥላል። ከዛ ቲሲሲ በሚባለው እስከ 18 ወር ያንኑ ፕላን መያዝ ትችላላችሁ፣ ነገር ግን መንግስት ይከፍልላችሁ የነበረውን ወደ 70 ከመቶም የናንተንም ድርሻ ራሳችሁ ትከፍላላችሁ፣ ላዩ ላይ 2 ከመቶ፣ የቤተሰብ ፕላን ከሆነ በወር ከ2,000 ዶላር በላይ መድረሱ የተለመደ ነው። የስቴቱ የጤና ኢንሹራንስ ገበያ ላይ መመዝገብ ከፈለጋችሁ ኢንሹራንሱ ከተቋረጠ 60 ቀን አላችሁ። ባል ወይ ሚስት ስራ ላይ ኢንሹራንስ ካለ ደግሞ 30 ቀን ብቻ የሚሰጥ ቀጣሪ አለ፣ ቀኑ እንዳያልፍባችሁ። ባልና ሚስት ሁለቱም ፌደራል የሆናችሁ ከሆነ አንዳችሁ ከወጣ ሌላው ላይ መግባት ነው፣ ቀላል ነው፣ ያ ቤት ለውሳኔው ብዙ ነጻነት አለው።

አሁን ወደ 57ቱ ልመለስ። ስራ ቦታችን ሁላችን ጋሼ የምንላቸው ሰው አሉ፣ 56 ዓመታቸው ነው፣ 14 ዓመት አገልግለዋል፣ 57 ሊሞላቸው አስር ወር ቀርቷቸዋል። ደሞዛቸው 80,000 ቢሆን ጡረታቸው በ62 በዓመት 11,200 ነው። ዛሬ ቢለቁ ያቺን ጡረታ በ62 ያገኛሉ፣ ኢንሹራንሱ ግን መቼም ላይመለስ ይቀራል። ከአስር ወር በኋላ ቢወጡ ምርጫ አላቸው፣ ወዲያው ጡረታ ወጥተው ከ62 በታች ባለው በየዓመቱ 5 ከመቶ፣ በጠቅላላ 25 ከመቶ ተቆርጦ 8,400 እየወሰዱ ኢንሹራንሱን መያዝ፣ ወይም ጡረታውን እስከ 62 አቆይተው ያኔ ሳይቆረጥ ከነኢንሹራንሱ መጀመር። ዋናው ቅድመ ሁኔታ ከመውጣታቸው በፊት አምስት ዓመት ሳይቋረጥ በፌደራሉ ኢንሹራንስ ውስጥ መቆየታቸው ነው፣ በሚስታቸው የፌደራል ፕላን ስር ቢሆኑም ይቆጠራል። ለቤተሰብ ፕላን መንግስት የሚከፍለው በዓመት ከ15,000 ዶላር ሊበልጥ ይችላል፣ አያችሁ፣ ኢንሹራንሱ ከጡረታው ገንዘብ ይበልጣል። ስለዚህ ጋሼን ምንም ኢሜይል ቢመጣ አስሯን ወር ንቅንቅ እንዳይሉ ነው የምንለምናቸው። ሪፍ ቀድሞ ቢመጣባቸውስ? ያጠራቀሙትን አንዋል ሊቭ (የዓመት ፈቃድ) እየወሰዱ ለጡረታና ለኢንሹራንስ እስከሚበቁበት ቀን ድረስ ስም ዝርዝሩ ላይ መቆየት የሚያስችል ደንብ አለ፣ የተጠራቀመ ፈቃድ ያላችሁ ይሄን አስታውሱ።

ወዴት ነው የሚወጣው?

ካውንቲ፣ ትምህርት ቤት፣ ሜትሮ፦ ለኔ ከሁሉ የተሻለው መውጫ ይሄ ነው፣ የራሱ ጡረታና ኢንሹራንስ አለው፣ የተማሪ ብድር በመንግስት ስራ ይሰረዝልኛል ብላችሁ 120 ክፍያ እየቆጠራችሁ ያላችሁም ቆጠራው አይቋረጥባችሁም። ግን እነሱም ነፋሱ ደርሷቸዋል፣ የሜሪላንድ ስቴት ከጁላይ 1፣ 2025 ጀምሮ ቅጥር አቁሞ ነበር፣ በፈቃድ መልቀቂያም ከፍቶ ነበር፣ ዲሲም ማርች ላይ ኮንግረስ ባወጣው በጀት የተነሳ የ1.1 ቢሊዮን ዶላር ክፍተት ገጥሞት ነበር። ስለዚህ ቦታውን በጽሁፍ ሳትይዙ እንዳትለቁ።

ኮንትራክተር ጋ መግባት ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። የፌደራል ኮንትራት ሲሰረዝ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው፣ ትልቁ ኮንትራክተር ቡዝ አለን እንኳ ሜይ 2025 ላይ ወደ 2,500 ሰው ቀንሷል። መንግስት ሲዘጋ ለፌደራል ሰራተኛ የቀረበት ደሞዝ በህግ ይመለስለታል፣ ለኮንትራክተሩ ግን እንዲህ አይነት ህግ የለም። ደሞዙ በጣም ካልበለጠ አልመክርም። የግል ሆስፒታልና ባንክ ግን ሌላ ነው፣ ሙያው ያላችሁ ግቡ።

የራሴን ልጀምር፣ ትራክ ልግዛ፣ ግሩፕ ሆም ልክፈት ለምትሉ፦ ጥሩ ነው፣ ብዙ ወገን ተሳክቶለታል፣ ግን ቲኤስፒውን አፍርሳችሁ አይሁን። ከ59 ዓመት ተኩል በፊት ያወጣ ሰው ከታክሱ በተጨማሪ ካወጣው ገንዘብ 10 ከመቶ ቅጣት አለበት፣ 55 በሚሞላበት ዓመት ወይ ከዛ በኋላ ከስራ የወጣ ካልሆነ በቀር። እንደዚሁ የጡረታ መዋጯችሁን መልሳችሁ ስትወስዱ ያ የአገልግሎት ዘመን ለጡረታ መቆጠሩ ይቀራል። አገር ቤት ቤት ለማስጨረስ ብሎ አስር ዓመቱን የሸጠ ሰው አይቻለሁ፣ አሁንም ያመኛል።

የኛ የምንለው ጉዳይ

እናታችሁን ወይ ሚስታችሁን ለማምጣት አመልክታችሁ ከሆነ ይሄን አስቡ። የድጋፍ ቃል ኪዳኑ ፎርም፣ አይ-864፣ ለቤተሰባችሁ ቁጥር ከተቀመጠው የድህነት ወለል 125 ከመቶ ገቢ ይፈልጋል፣ አዲስ አበባ ኤምባሲ ኢንተርቪው ሲደርስ የአሁኑ ስራችሁ ነው የሚታየው። ሶስት አራት ወር ቀርቶት ከሆነ ቪዛው እስኪመታ ብትቆዩ ይሻላል፣ ካልሆነ ጆይንት ስፖንሰር ቀድማችሁ አነጋግሩ።

እቁብ ያላችሁ ዕጣው ወጥቶላችሁ እየከፈላችሁ ከሆነ ያ እዳ ነው፣ በየወሩ ወጪ ላይ ቁጠሩት። አገር ቤት የሚላከውንም ቁጠሩ። ለቤተሰብ ደግሞ ቀድማችሁ ንገሩ፣ ስራ ካቆማችሁ በኋላ ሲሰሙት ይደነግጣሉ፣ ከዛ በፊት "ለተወሰነ ጊዜ እቀንሳለሁ" ቢባሉ ይረዳሉ። ሀኪም ቤት ለሚመላለስ አባት የሚላክ ብር ካለ እሱን የመጨረሻ አድርጉት፣ ሌላው ይቀነስ።

ከስሌቱ ውጪ የሆነ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እንቅልፍ ያጣ፣ ደም ግፊቱ የጨመረ፣ ልጆቹ ላይ የሚጮህ ሰው ካለ ስምንት ወር ቀረህ ብዬ ቆይ አልለውም። መጀመሪያ ግን ያላችሁን ሲክ ሊቭ ተጠቀሙ፣ ስትወጡ በብር አይከፈልም፣ ሀኪም ሂዱና እሱን ወስዳችሁ እረፉ። የሚከፈላችሁ አንዋል ሊቩ ነው።

ቆይም ብትሉ ውጣም ብትሉ በዚህ ሳምንት የምታደርጉት ግን አንድ ነው። ኢ-ኦፒኤፍ የሚባለው የሰራተኛ ፋይላችሁ ያለበት ድረ ገጽ ውስጥ ገብታችሁ ሁሉንም ኤስኤፍ-50፣ የስራ አፈጻጸም ውጤቶቻችሁንና የኢንሹራንስ ምዝገባችሁን አውርዳችሁ የግል ኮምፒውተራችሁ ላይ አስቀምጡ፣ ምክንያቱም በ2025 ብዙ ሰው ጠዋት ሲነሳ አካውንቱ ተዘግቶ ነው ያገኘው። የስራ አጥ ገንዘብ የሚጠየቀው ደግሞ በምትኖሩበት ሳይሆን መስሪያ ቤታችሁ ባለበት ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ኖራችሁ ዲሲ የምትሰሩ ከሆነ ዲሲ ነው የምታመለክቱት፣ እዛ በ2025 በሳምንት እስከ 444 ዶላር ነበር፣ ሜሪላንድ 430። ሲያስወጧችሁ ኤስኤፍ-8 የሚባል ፎርም መስጠት አለባቸው፣ ካልሰጧችሁ ጠይቁ።